ለጀልባ የሚሆን ኤር ኮንዲሽነር፦ የትኛው ዓይነት ለየትኛው ጀልባ?

ለጀልባው ኤር ኮንዲሽነር ሊገዛ የተነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ቢቲዩ ይበቃኛል?» ብሎ ነው፤ ቢቲዩ የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ ነው። ይህን ጥያቄ ለጊዜው ያቆዩት። የሚቀድመው ሌላ ነው፦ ጀልባው የሚያድረው የት ነው? ወደብ ላይ ታስሮ የወደቡን ኤሌክትሪክ እየሳበ ነው ወይስ መልህቅ ጥሎ ባለው ኃይል? የዚህ መልስ ብቻውን ግማሹን አማራጭ ከዝርዝሩ ያወጣል። የቀረውን የጀልባው መጠንና ዕቃ የሚቀመጥበት ቦታ ይወስኑታል። ብራንድ የሚመረጠው ከሁሉም በኋላ ነው።

ከቤቱ ኤሲ የሚለየው

የቤት ኤሲ ከክፍሉ የሰበሰበውን ሙቀት ውጭ ለተሰቀለው ሳጥኑ ያስተላልፋል፤ ሳጥኑም በማራገቢያ ወደ አየር ይበትነዋል። የጀልባው ኤሲ ግን ሙቀቱን የሚሰጠው ለውሃ ነው። ከጀልባው ሥር የሚገባ ውሃ በፓምፕ ተገፍቶ፣ ከመዳብና ከኒኬል ቅይጥ በተሠራ ጥቅል ቱቦ ውስጥ ያልፍና የማቀዝቀዣውን ጋዝ ሙቀት ተሸክሞ በጎን በኩል ይፈስሳል። ውሃ ከአየር እጅግ የበለጠ ሙቀት ይሸከማል፤ በቀትርም አብዛኛውን ጊዜ ከአየሩ ይቀዘቅዛል። በጠባብ የጀልባ ሆድ ውስጥ ደግሞ ትልቅ ማራገቢያ ያለው ሳጥን የሚተነፍስበት ቦታ የለም።

በዚህ የተነሣ የጀልባ ኤሲ መግጠም የቧንቧ፣ የኤሌክትሪክና የአናጢ ሥራ በአንድ ላይ ነው። ማሽኑ ራሱ ብዙ ጊዜ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ውሃው የሚሄድበትና አየሩ የሚመላለስበት መንገድ ነው። ማሽኖቹን ካነጻጸርን በኋላ በእነዚህ ሁለቱ ላይ ረዘም አድርገን የምንቆየው ለዚህ ነው።

ሁሉም በአንድ ሳጥን

ጋዙን የሚጨምቀው ኮምፕረሰር፣ ሙቀቱን ለውሃው የሚሰጠው ኮንደንሰር፣ አየሩን የሚያቀዘቅዘው ኢቫፖሬተርና ማራገቢያው በአንድ መደብ ላይ ተሰብስበው የሚመጡበት ዓይነት ነው። ጋዙ ፋብሪካ ውስጥ ተሞልቶ ስለሚመጣ ገጣሚው የጋዝ መስመር አይነካም። ውሃ ያስገቡለታል፣ መብራት ያገናኙለታል፣ የአየር ቱቦ ይዘረጉለታል፣ አለቀ። በውሃ ከሚቀዘቅዙት መካከል፣ የቱቦና የሽቦ ሥራ የሚያውቅ ባለቤት ራሱ ሊገጥመው የሚችለው ይህኛውን ነው።

አቅማቸው አብዛኛውን ጊዜ ከ5,000 እስከ 18,000 ቢቲዩ ይደርሳል። በአልጋ ሥር፣ በወንበር ሥር ወይም በቁም ሣጥን ታችኛው ክፍል ይገባሉ። ጉዳታቸው ኮምፕረሰሩ አብሮዎት ማደሩ ነው። የጎማ መቀመጫና ድምፅ የሚውጥ ሽፋን ይረዳሉ፤ ሆኖም ሌሊቱን ሙሉ የሚነሣና የሚቆም ኮምፕረሰር ከራስጌ ሥር ካለ እንቅልፉ ቀላል የሆነ ሰው አይለምደውም። ስለዚህ ቦታ ሲመርጡ ከመኝታው ይልቅ የሳሎኑን ወንበር ሥር ያስቡ። ቀዝቃዛውን አየር ከዚያ በቱቦ ወደ መኝታው መውሰድ ይቻላል።

እስከ 12 ሜትር ገደማ ርዝመት ላለው ጀልባ፣ አንድና ሁለት ክፍል ለማቀዝቀዝ ከሆነ፣ ከዚህ ሌላ ለመምረጥ ጠንካራ ምክንያት ያስፈልጋል። ሙቀቱ ከአንድ ማሽን በላይ የሚጠይቅ ከሆነ ደግሞ እኔ አንድ ትልቅ ከምገዛ ሁለት ትናንሽ እገዛለሁ። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሠራል። ሌሊት የሚያስፈልገው የመኝታው ብቻ ስለሆነ የሳሎኑ ጠፍቶ ያድራል። በተለያየ ጊዜ እንዲነሡ ማድረግም ስለሚቻል ጄኔሬተሩ በአንዴ አይጨነቅም።

ለሁለት የተከፈለው

እዚህ ኮምፕረሰሩና ኮንደንሰሩ ሞተር ክፍል ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ኢቫፖሬተሩና ማራገቢያው ብቻ ወደ ካቢኑ ይገባሉ። ሁለቱን የሚያገናኙት የተሸፈኑ ሁለት የመዳብ ቱቦዎች ናቸው። ካቢኑ ጸጥ ይላል፤ በአልጋ ሥር የሚወሰደው ቦታም ያንሳል።

ነገር ግን ጋዙ የሚሄድበት መስመር ጀልባው ላይ የሚሠራ ነው። የመዳቡ ጫፍ በትክክል መከፈት፣ መስመሩ በቫኪዩም መሳብ፣ ጋዙም በሚዛን መሞላት አለበት። ይህ መሣሪያው ያለው የጋዝ ቴክኒሻን ሥራ ነው፤ በብዙ አገሮችም ፈቃድ የሌለው ሰው እንዳይነካው ተከልክሏል። ጀልባ ይንቀጠቀጣል፣ ይጠማዘዛል። በደንብ ያልታሰረ የመዳብ ቱቦ ውሎ አድሮ ይሰነጠቅና ጋዙ ቀስ እያለ ይጠፋል። በመንገድዎ ላይ የጋዝ ባለሙያ በቀላሉ የማይገኝ ከሆነ ይህን አስቀድመው ያስቡበት። ጥሩ ባለሙያ ካለና ጸጥታ ከፈለጉ ግን ከ10 እስከ 16 ሜትር ለሚሆን ጀልባ በጣም ጥሩ ምርጫ ነው።

በዋጋው ርካሽነት የቤት ግድግዳ ኤሲ ጀልባ ላይ የሚሰቅሉ ሰዎች አሉ። ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም፤ አዳዲሶቹ የቤት ኢንቨርተር ኤሲዎች (የኮምፕረሰራቸው ፍጥነት የሚለዋወጥ) በኤሌክትሪክ አጠቃቀም ከብዙ የጀልባ ኤሲዎች ይሻላሉ። ከቦታው የማይነቃነቅ፣ ጨው በሌለው ውሃ ላይ የተቀመጠ የመኖሪያ ጀልባ ከሆነ አልከለክልም። ባሕር ለሚወጣ ጀልባ ግን የውጭው ሳጥን የአሉሚኒየም ክንፎች በጨው ይበላሉ፣ ማዕበል ይመታዋል፣ የመርከቡን ወለል ቦታ ይይዛል። ሙቀቱን የሚበትነውም ወደ አየር ስለሆነ ተዘግቶ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ አይሠራም።

በቀዘቀዘ ውሃ የሚሠራው

በዚህ ዓይነት ሞተር ክፍል ያለው ማሽን የሚያቀዘቅዘው አየር ሳይሆን ንጹሕ ውሃ ነው። ወደ 7 ዲግሪ ገደማ የቀዘቀዘው ውሃ በተሸፈነ ቱቦ በየክፍሉ ወዳሉ ማራገቢያዎች ይዞራል፤ ሙቀት ተሸክሞም ይመለሳል። ጋዙ በሞተር ክፍሉ ማሽን ውስጥ ብቻ ይቀራል፤ በመኝታ ክፍሎች የሚያልፈው ውሃ ብቻ ነው።

ከ15 ሜትር በላይ ለሆነና አራት አምስት ክፍል ላለው ጀልባ ይህን የሚወዳደር የለም። ማሽኖቹ ሁለትና ሦስት ሆነው ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ አንዱ ቢቆም ጀልባው በሙሉ አይሞቅም። እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ሙቀት ይወስናል። በትንሽ ጀልባ ላይ ግን ከንቱ ወጪ ነው፤ ተጨማሪ ፓምፕ፣ ተጨማሪ ቱቦ፣ ተጨማሪ አየር የማስወጣት ጣጣ ያመጣል። የቱቦው ሽፋን ክፍተት ካለውም ከእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላብ ይንጠባጠባል፤ ከእንጨት ግድግዳ ጀርባ የሚንጠባጠብ ውሃ ደግሞ የሚታወቀው እንጨቱ ከሻገተ በኋላ ነው።

ጣሪያ ላይ የሚቀመጠውና ተንቀሳቃሹ

በጣሪያው መስኮት ላይ የሚደፋ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ኤሲ የጀልባውን ሆድ መብሳት አይጠይቅም። ፓምፕ የለውም፣ ማጣሪያ የለውም፣ ሲፈልጉ ያነሡታል። ወደብ ላይ ብቻ ለሚያድር፣ በዓመት ጥቂት ሳምንታት ብቻ ለሚሞቅበት ሰው ይህ ከበቂ በላይ ነው። ጉዞ ላይ ግን መነሣት አለበት፤ ዝናብ ያስገባል፤ የመኝታውን ብቸኛ መስኮት ከዘጋ ደግሞ የአደጋ መውጫውን ዘጋ ማለት ነው። ጀልባው የተገዛው ለአጭር ጊዜ ከሆነ ወይም «ኤሲ ያስፈልገኝ ይሆን?» የሚለው ገና ካልተወሰነ፣ በዚህ መጀመር ብልህነት ነው።

መልህቅ ጥሎ ማደር

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። 12,000 ቢቲዩ ያለው ተራ የጀልባ ኤሲ ከነፓምፑ 1 ኪሎዋት ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ኃይል ይወስዳል። ወደብ ላይ ይህ ቀላል ነው። በ230 ቮልት 16 አምፒር የሚሰጥ መሰኪያ 3.7 ኪሎዋት ገደማ፣ በ120 ቮልት 30 አምፒር የሚሰጠው ደግሞ 3.6 ኪሎዋት ይሰጣል። የውሃ ማሞቂያውና ምድጃው በአንድ ጊዜ ካልበሩ ሁለት ኤሲ ያስነሣል።

በ12 ቮልት ባትሪ ላይ ግን ያው 1 ኪሎዋት፣ የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት ዓይነት በሚቀይረው ኢንቨርተር የሚባክነውን ጨምሮ፣ ወደ 95 አምፒር ይሆናል። ኤሲው ሌሊት ግማሹን ጊዜ ብቻ ይሠራል እንበል። ስምንት ሰዓት ለመተኛት 4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያስፈልጋል፤ ብክነቱን ሲጨምሩ 4.5 ይጠጋል። ባለ 100 አምፒር ሰዓት ሊቲየም ባትሪ የሚይዘው 1.28 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ስለዚህ አራት ይሞላሉ፤ ያውም ለመብራት፣ ለፍሪጅና ለራዲዮ ምንም ሳይቀር። በተለመደው የእርሳስ ባትሪ ከሆነ ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ መጠቀም ስለሚመከር ቁጥሩ በእጥፍ ያድጋል፤ ክብደቱ ደግሞ ከእጥፍም በላይ። በማግሥቱ ይህን ሁሉ መሙላት አለ። 400 ዋት የሶላር ፓነል ጥሩ ፀሐይ በዋለበት ቀን 2 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ቢሰጥ ነው። «ኤሲዬ በሶላር ይሠራል» የሚል ሰው ስንት ፓነል እንዳለው ይጠይቁት።

መልህቅ ላይ ለሚያድር ሰው ሁለት እውነተኛ መንገዶች አሉ። አንደኛው ጄኔሬተር ነው፤ ድምፁን፣ ነዳጁንና ጭሱን ይዞ ይመጣል። ሁለተኛው ትልቅ የሊቲየም ባትሪ ፍጥነቱ ከሚለዋወጥ ኮምፕረሰር ጋር ነው። ተራው ኮምፕረሰር አንድ ፍጥነት ብቻ ነው ያለው፤ ወይ ሙሉ በሙሉ ይሠራል ወይ ይቆማል። ፍጥነቱ የሚለዋወጠው ክፍሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ዝቅ ብሎ በጥቂት ኃይል ይቀጥላል። ሲነሣም የኃይል ግፊት የለውም። የጣሊያኑ ፍሪጎማር በዚህ ዓይነቱ ይታወቃል፤ በቀጥታ በ12፣ በ24 ወይም በ48 ቮልት የሚሠሩ ሌሎችም ገበያ ላይ አሉ። ዋጋቸው ከተራው ይበልጣል። ወደብ ላይ ብቻ ለሚያድር ጀልባ ልዩነቱን መክፈል አይታየኝም፤ መልህቅ ለሚጥል ግን በባትሪው ቁጥር ማነስ ይካካሳል።

ይህን ሁሉ ከማስላት በፊት ግን በጀልባው ላይ የሸራ ጥላ ይዘርጉ፤ መስኮቶቹንም ከውጭ በኩል ይሸፍኑ። ከውጭ የተከለከለ ፀሐይ ማሽን አይጠይቅም። የማሽኑን መጠን ማስላት ያለብዎት ከዚህ በኋላ ነው።

ስንት ቢቲዩ?

በሙያው የተለመደው መነሻ የወለሉን ስፋት ክፍሉ ባለበት ቦታ በሚለያይ ቁጥር ማባዛት ነው። ከውሃው ወለል በታች ላለ መኝታ በካሬ ሜትር 650 ቢቲዩ ገደማ፣ ለመካከለኛው ወለል 970፣ ዙሪያውን መስታወት ለሆነው የላይኛው ክፍል 1,300። እነዚህ ለመካከለኛ የአየር ንብረት የተሰጡ ናቸው፤ በጣም ሞቃትና እርጥብ በሆነ አካባቢ ከፍ ማለት አለባቸው። ምሳሌ፦ 8 ካሬ ሜትር የሆነ የታችኛው መኝታ 5,200 ይጠይቃል፤ 6,000 ቢቲዩ ይበቃዋል። ያው 8 ካሬ ሜትር ላይኛው ወለል ላይ ቢሆን 10,400 ይሆናል፤ 12,000 ይገዛሉ። ለመለወጥ የሚጠቅሙ ሁለት ቁጥሮች፦ 12,000 ቢቲዩ አንድ «ቶን» ይባላል፤ 1 ኪሎዋት የማቀዝቀዝ አቅም 3,412 ቢቲዩ ነው።

«ለማንኛውም ትልቁን ልግዛ» የሚለው አስተሳሰብ እዚህ ላይ ይጎዳል። መጠኑ የበዛ ኤሲ አየሩን ቶሎ ያቀዘቅዝና ይቆማል። እርጥበቱን ለማውጣት ግን ጊዜ ይፈልጋል። ውጤቱ ቀዝቃዛና እርጥብ ክፍል ነው፤ አንሶላው ይጣበቃል፣ ሻጋታው ይወጣል። ትንሽ ያነሰው ከቀትር ጋር ይታገላል እንጂ ሌሊቱን በደንብ ይሠራል። ጀልባው የሚያገለግለው በዋናነት ለመኝታ ከሆነ በሁለት መጠኖች መካከል ሲያመነቱ ትንሹን ይምረጡ።

የውሃው መንገድ

ማንኛውንም በውሃ የሚቀዘቅዝ ዓይነት ቢመርጡ የሚሠራው ሥራ አንድ ነው፤ መጥፎ ገጣሚ የሚታወቀውም እዚህ ላይ ነው። ለእያንዳንዱ 12,000 ቢቲዩ በደቂቃ 11 ሊትር ገደማ ውሃ ያስፈልጋል። አብዛኞቹ ፓምፖች አየር ስበው ውሃ ማምጣት አይችሉም። ስለዚህ ፓምፑ ከውሃው ወለል ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ መቀመጥና ውሃው በራሱ ወርዶ ሊሞላው ይገባል።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ በጀልባው ታችኛ አካል ላይ የተበሳ መግቢያ፣ ወዲያውኑ መዝጊያ ቫልቭ፣ ከዚያ ማጣሪያ፣ ከዚያ ፓምፕ፣ ከዚያ ማሽኑ፣ ከዚያ መውጫ። ከመግቢያው እስከ ማሽኑ ቱቦው ያለማቋረጥ ወደ ላይ መውጣት አለበት። አንድ ቦታ ላይ ተነሥቶ ተመልሶ የሚወርድ ከሆነ በዚያ ጉብታ ላይ አየር ይታሰርና ፓምፑ በባዶ ይዞራል። ብዙ «ፓምፑ ተቃጠለ» የተባለ ችግር ከዚህ ሌላ ምንም የለውም። ማጣሪያው ከፓምፑ በኋላ ከተገጠመ ደግሞ ሣርና ላስቲክ መጀመሪያ የሚደርሰው ፓምፑ ውስጥ ነው።

መግቢያው ላይ የሚገጠመው ሽፋን አፉ ወደ ጀልባው ፊት የዞረ መሆን አለበት፤ ያለዚያ በጉዞ ላይ ውሃውን ከመቀበል ይልቅ ወደ ውጭ ይስበዋል። ከሞተሩ ወይም ከጄኔሬተሩ መግቢያ ቱቦ ገንጥሎ ለኤሲ ማስገባት ቀዳዳ ያስቀራል፤ ነገር ግን ሞተሩ ሲነሣ ከኤሲው ውሃውን ይነጥቃል። የተለየ መግቢያ ይሠራለት። ከውሃው ወለል በታች ባለ መጋጠሚያ ሁሉ ላይ ሁለት ሁለት የማይዝግ ፋሸታ (የቱቦ ማሰሪያ ቀለበት) ይግቡ። ለአንድ ፋሸታ ስስት ጀልባ የሰመጠበት ጊዜ አለ።

መውጫውን ከውሃው ወለል ጥቂት ሴንቲሜትር ከፍ አድርገው በሚታይ ቦታ ያድርጉት። ከመውጫው የሚፈስሰው ውሃ ሲቀጥን ማጣሪያው ሊደፈን ነው። ከገባው ውሃ ከ5 እስከ 8 ዲግሪ ሞቆ የሚወጣ ከሆነ ፍሰቱ ደህና ነው። ከዚያ በላይ ከሞቀ ውሃው አንሷል፤ ማሽኑ ብዙም ሳይቆይ በግፊት ብዛት ራሱን ያጠፋል።

ወደብ ላይ ለረጅም ጊዜ የሚቆም ጀልባ የቱቦው ውስጥ ዛጎል ያበቅላል። ሁለት ቫልቭ ጨምሮ ቀላል አሲድ የሚያዞሩበት መንገድ መተው በኋላ ብዙ ያቀልላል። በብርድ አገር ደግሞ ክረምት ሳይገባ ውሃው ወጥቶ ለዚህ በተሠራ የማይመርዝ ፀረ በረዶ መተካት አለበት። የሚያሞቀውን ዓይነት ለሚገዙ፦ ኤሲው ወደ ኋላ ሠርቶ ሙቀት የሚስበው ከዚያው ውሃ ነው። ውሃው ከ4 ወይም ከ5 ዲግሪ በታች ከሆነ የሚሰጠው ሙቀት ከምንም አይቆጠርም፤ የናፍጣ ማሞቂያ ያስፈልጋል።

የአየሩ መንገድ

ቀዝቃዛ አየር ይወርዳል። ስለዚህ ማውጫው በተቻለ መጠን ከጣሪያው ሥር፣ መመለሻው ደግሞ ከወለሉ አጠገብ ይሁን። ሁለቱ ተቀራርበው ከተሠሩ ማሽኑ የራሱን ቅዝቃዜ መልሶ ይስባል፤ ክፍሉ ሳይቀዘቅዝ ቴርሞስታቱ «በቃ» ይላል። የቱቦውን ስፋት በተመለከተ አምራቾች የሚሰጡት እንዲህ ይጠጋል፦ ለ6,000 ቢቲዩ 10 ሴንቲሜትር፣ ለ12,000 15 ሴንቲሜትር፣ ለ16,000 18 ሴንቲሜትር። የተጨማደደ፣ ብዙ የታጠፈ፣ ያለልክ የረዘመ ቱቦ የገዙትን ቢቲዩ በየጥግ ያስቀርብዎታል። የመመለሻው ፍርግርግ ጠቦ የቀረበት ጀልባ በጣም ብዙ ነው፤ ምክንያቱ የጀልባ ባለቤቶች ትልቅ ቀዳዳ በሚያምር እንጨት ላይ ማየት ስለማይወዱ ይመስለኛል። አየር ካልተመለሰለት ኢቫፖሬተሩ በረዶ ይሠራል።

ቀጥሎ ያለው ለምርጫ የማይቀርብ ነገር ነው። ኤሲው አየር የሚስብበት ቦታ ከሞተር ክፍልና ከወለል ሥር ካለው ክፍተት ፍጹም የተለየ መሆን አለበት። ከሞተር ወይም ከጄኔሬተር የሚወጣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፤ ኤሲው ከሳበው የተኛ ሰው አይነቃም። ማሽኑ ከአየሩ የሚያወጣው ላብ የሚፈስስበት ቱቦም እንዲሁ ጭስ መግቢያ በር ሊሆን ይችላል። ይህ ቱቦ ከሞተር ወይም ከጄኔሬተር ጭስ መውጫ 90 ሴንቲሜትር ባልሞላ ርቀት ላይ መውጣት የለበትም፤ በሞተር ክፍል ውስጥም ክፍት ሆኖ መተው የለበትም። ወደተዘጋ የመታጠቢያ ውሃ ማጠራቀሚያ መውሰድ የተሻለ ነው። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ በየመኝታው ይግጠሙ።

የኤሌክትሪኩና የጋዙ ጉዳይ

ተራ ኮምፕረሰር ሲነሣ ለቅጽበት ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ኃይል ይስባል። ጄኔሬተርዎ ወይም ኢንቨርተርዎ ለመደበኛው ቢበቃም ለማስነሣቱ ላይበቃ ይችላል። ለስላሳ ማስነሻ የሚባለው ትንሽ ሳጥን ይህን ግፊት በጣም ይቀንሰዋል፤ ጄኔሬተር ከመቀየር እጅግ ይረክሳል። ከሌላ አገር ማሽን ሲያስመጡ ቮልቱን ብቻ ሳይሆን ሄርዙንም (የኤሌክትሪኩን ድግግሞሽ) ይዩ። ለ60 ሄርዝ የተሠራ ሞተር በ50 ሄርዝ ላይ ወደ 17 በመቶ ቀስ ይላል፤ ማቀዝቀዙም ይቀንሳል። ለሁለቱም የሚሆን ተብሎ ካልተጻፈበት አይግዙት። ለእያንዳንዱ ማሽን የራሱ ብሬከር ይኑረው። በውሃው መስመር ላይ ያለ ብረት ሁሉም ከጀልባው የመሬት መስመር ጋር ይያያዝ፤ ካልሆነ የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ብረቱን ይበላዋል። ኤሌክትሪኩን የሚሠራ ሰው የጀልባ ኤሌክትሪክ ደረጃዎች የሆኑትን አይኤስኦ 13297ን ወይም የአሜሪካኑን ኤቢዋይሲ ኢ-11 የማያውቅ ከሆነ ሌላ ይፈልጉ።

ስለ ጋዝ አጭር ነገር። ያገለገለ ማሽን በአር-22 የሚሠራ ከሆነ ይለፉት፤ ይህ ጋዝ የኦዞን ሽፋንን ለመጠበቅ በተደረገው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል መሠረት ከገበያ እየወጣ ነው፤ ያደጉት አገሮች ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ምርቱን አቁመዋል። አር-410ኤ ዛሬም በብዙ ጀልባዎች ላይ አለ፤ ነገር ግን አየር ንብረትን የማሞቅ አቅሙ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 2,088 እጥፍ ስለሆነ በ2016 እ.ኤ.አ. በዚሁ ፕሮቶኮል ላይ በኪጋሊ ከተደረገው ማሻሻያ ወዲህ አጠቃቀሙ እየተቀነሰ ይሄዳል። ተተኪ ከሚባሉት አንዱ አር-32 ሲሆን የእሱ 675 ነው፤ በትንሹ ግን ይቀጣጠላል፤ ከአየርም ስለሚከብድ ቢፈስስ ጀልባው ሆድ ውስጥ ይተኛል። በአር-32 የሚሠራ ማሽን ሲገዙ ለጀልባ ተብሎ የተሠራ መሆኑን ያረጋግጡ።

እንግዲህ ምን ይመረጥ?

ወደብ ላይ የሚያድር፣ ከ12 ሜትር የማይበልጥ ጀልባ ካለዎት ሁሉም በአንድ ሳጥን የሆነውን ይግዙ፤ የተረፈውን ገንዘብ በኤሲው ጥራት ሳይሆን በቱቦና በቫልቭ ጥራት ላይ ያውሉት። ዶሜቲክን የመሰለ መለዋወጫው በየወደቡ የሚገኝ ብራንድ እዚህ ላይ ዋጋ አለው፤ ማሽኑ ከሌላው ስለሚበልጥ ሳይሆን የፓምፕ ክፍል ሲፈልጉ ስለሚያገኙት ነው። ጄኔሬተር ያለው፣ እንግዳ የሚያሳድርና ጸጥታ የሚፈልግ መካከለኛ ጀልባ ለሁለት ወደተከፈለው ይሂድ። ብዙ ክፍል ያለው ትልቅ ጀልባ የቀዘቀዘውን ውሃ መንገድ ይያዝ።

መልህቅ የሚጥል የሸራ ጀልባ ግን ሙሉ ጀልባውን ለማቀዝቀዝ አይሞክር። አንድ መኝታ ይምረጥ፣ ለሱ 5,000 ወይም 6,000 ቢቲዩ ያለው፣ ፍጥነቱ የሚለዋወጥ ማሽን ይግጠም፣ በሩን ዘግቶ ይተኛ። ሳሎኑ በንፋስና በጥላ ይበቃዋል። በዚህ መንገድ ከላይ ያሰላነው ባትሪ በግማሽ ሊወርድ ይችላል።

ገጣሚ ከቀጠሩ የመጨረሻውን ክፍያ ከመስጠትዎ በፊት ማሽኑን በቀትር፣ በሮች ተዘግተው፣ ለአንድ ሰዓት ያስነሡት። በማውጫውና በመመለሻው ላይ ቴርሞሜትር ያድርጉ፤ በመካከላቸው ከ8 እስከ 11 ዲግሪ ልዩነት ሊኖር ይገባል። በማጣሪያው ውስጥ አየር አረፋ እንደሌለ ይዩ፤ ከመግቢያው ጀምሮ እያንዳንዱን ፋሸታ በእጅዎ ዳሰው እርጥበት ይፈልጉ። ከዚያ ሞተሩንም ጄኔሬተሩንም አስነሥተው ውሃው አሁንም በመውጫው እየፈሰሰ መሆኑን፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ መሣሪያውም ዜሮ ማሳየቱን ያረጋግጡ።